የደረቅ ሳል ተዝካር

እኔ የምጮኸው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ናርዶስ እባላለሁ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነኝ። ጡሩንባ መባሉ በወግ ነው እንጂ የምነፋው ነገር የለም፤ ያለኝ አንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያና የራሴ ጉሮሮ ነው። ሰው ሲያርፍ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኪሩቤል አውራ ጣታቸውን ማጉያው ላይ ያሳርፋሉ፣ ማጉያው ይከፈታል፣ እኔ የሟቹን ስም እጠራለሁ፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየብሎኩ ይወርዳል። ከዚያ ማጉያው ይዘጋል። እኔም ሌላ ሰው እስኪሞት ድረስ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው በለሆሳስ አወራለሁ።

የእኛ ማጉያ፣ ድምፅን ሁሉ አለዝቦ የሚያሳልፈው ማለስለሻ የለውም። በከተማው ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ አለው፤ ስልኩ፣ ሬዲዮው፣ ሊፍቱ፣ አውቶቡሱ፣ የሽማግሌዎች የጆሮ መስሚያ ሳይቀር። የድምፅ ጤና ቢሮ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት በየፌርማታው ሲለጥፍ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ቆራሌው እንኳ በሰፈራችን ሲያልፍ ጋሪው እሹሩሩ ነው የሚለው፤ ሰው አሮጌ ብረቱን ይዞ በመውጣት ፈንታ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስታዲየም ጎል ሲገባ በቴሌቪዥን የሚሰማው የካፊያ ድምፅ ነው። እህቴ ምጥ ይዟት ስትደውልልኝ «ድረሽልኝ» ነበር ያለችው፤ ስልኩ ግን «ድረሽልኝ»ን ማር ቀብቶ አቀበለኝና፣ ለምሳ የጠራችኝ መስሎኝ ሙዝ ገዝቼ ሄድኩ። ስደርስ ልጁ ተወልዶ ጡት ይዟል። እስከ ዛሬ «የሙዟ አክስት» ይሉኛል።

ማለስለሻው መጀመሪያ ለእድሮችም ተገጥሞ ነበር። በእኛ ሰፈር የመጀመሪያው ሟች አንድ ጡረተኛ ሹፌር ነበሩ። ጥሪው በማጉያው ሲያልፍ እንዲህ አምሮ ወጣና ሰፈሩ ሁሉ ሰርግ መሰለው። ተኳኩሎና ሽቶ ተቀብቶ ወረደ። ሴቶቹ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ እልል አሉ፤ ሚስትየው እዚያው ወደቁ። ከዚያ በኋላ እድሮች አቤት ብለው ለለቅሶና ለተዝካር ብቻ የሚከፈት፣ ማለስለሻ የሌለው ማጉያ ተፈቀደላቸው። ለሌላ ነገር የተከፈተ ዕለት ይታሸጋል። ይህን ልጆች እንኳ ያውቃሉ።

እትዬ ሄራንን ያወቅኋት በጥየቃ ነው። አባል ሲታመም እድሩ ሰው ይልካል፤ ብዙ ጊዜ የምላከው እኔ ነኝ። በሽተኞቹ ሲያዩኝ ደስ አይላቸውም፤ «ገና አልሞትኩም እኮ» የሚል ፊት ያሳዩኛል። እሷ ግን በሩን ስትከፍት ሳቀች። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ ሳንባዋ ያለቀ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ነጭ ፀጉሯን በአንድ ጎን ተላጭታ በሌላው ጎን አስረዝማዋለች። እኔ የሕክምና መስሎኝ አንጀቴን በላችው።

«እትዬ ሄራን፣ እንዴት ነዎት?» አልኳት።

«ነዎት አትበዪኝ። ፓንክ አንቱ አይባልም።»

«ምን አይባልም?»

«ፓንክ። ሂጂና የእድሩን ዕቃ ቤት ግድግዳ እዪ፤ ከድንኳኖቹ ጀርባ።»

መድኃኒቱ አዙሯት ነው ብዬ ወረድኩ። ግን ነገር ከጆሮዬ ገብቶ ዝም አይለኝም። ዕቃ ቤቱ ኮንዶሚኒየሙ አዲስ በነበረበት ዘመን የጋራ ማረጃ ነበር፤ ነዋሪው ለበዓል በጉን የሚያርድበት፣ ወለሉ ላይ የደም መውረጃ ቦይ ያለው ክፍል። ድንኳኖቹን እየጎተትኩ አወጣሁ፣ አግዳሚዎቹን ቆለልኩ። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተጫረ ጽሑፍ አለ። «መብራት ሄደ» ይላል። ከሥሩ «የውሃ ወረፋ»። ወረድ ብሎ «ሐምሌ ብቻዬን»፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በትልቁ «ደረቅ ሳል»። እኔ የነዋሪ አቤቱታ መሰለኝ። ምስኪኖች፣ ቢሮ የሚሰማቸው አጥተው ግድግዳ ላይ ጽፈዋል አልኩ።

ይህን ስነግራት እትዬ ሄራን እስክታስላት ድረስ ሳቀች። «ልክ ነሽ፤ አቤቱታ ነው» አለች። «ግን የባንድ ስም ነው፤ ፓንክ የሚባል የጩኸት ሙዚቃ የሚጫወት። ደረቅ ሳል የኛ ነው። ያብስራ ከበሮ፣ ናሆም ጊታር፣ እኔ ድምፅ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በግ የሚያርድ ከሌለ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እንጮህ ነበር። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ወለሉም ላብና ደም ለምዷል።»

«ማን ሊሰማችሁ?»

«ሠላሳ ልጅ ብንሆን ነው። ጥግ ለጥግ ተጨናንቀን። የሚያለቅስ አለ፣ ግድግዳ የሚደበድብ አለ። ሬዲዮ አንድም ቀን አላጫወተንም፤ ቤተሰቦቻችን ያበድን መስሏቸው ጠበል ወስደውናል። ያብስራም ናሆምም ሞቱ። እኔ ቀረሁ።»

ከትራሷ ሥር አንዲት አሮጌ ፍላሽ አወጣች። የደረቅ ሳል አንድ ዘፈን፣ የሌሎቹም ባንዶች ጥቂት ጥቂት፣ ሁሉም በዚያች ጥፍር በምታህል ነገር ውስጥ አሉ።

«አንድ ነገር ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ሐኪሙ ለፋሲካ በግ እንዳትገዢ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ድምፄን መስማት እፈልጋለሁ፤ ያን የድሮውን፣ እንደወጣ። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አልሰማሁትም፤ በማንኛውም ነገር ባጫውተው የሆነች ሴትዮ ልጅ ታስተኛለች።»

ቤቴ ወስጄ አጫወትኩት። እውነቷን ነው። ደስ የሚል ዜማ፣ ለስላሳ ክር፣ የምትለሰልስ የሴት ድምፅ። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል «ምነው ናርዶስ፣ ደስ የሚል ነገር አገኘሽ?» አለችኝ። ተናደድኩ። ያመለጠኝ ነገር ካለ ብዬ ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለስኩት። ያኔ ሰማኋት። ማለስለሻው እስኪነቃ ድረስ የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጊዜ አለች፤ በዚያች ጥቅሻ ውስጥ «አ—» የሚል ነገር ወጣና ተዋጠ። ድምፅ ነው ልበል ቁስል ልበል አላውቅም። ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ። መለስኩት፤ «አ—»። መለስኩት፤ «አ—»። ራት ሳልበላ አመሸሁ።

ከዚያ በኋላ የያዘኝ ልክፍት ነው። ከሥራ እገባለሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ፍላሿን እሰካለሁ። የ«መብራት ሄደ» ጥቅሻ የብረት ድስት ከደረጃ ላይ የወደቀ ነው የሚመስለው። የ«የውሃ ወረፋ» አንድ ሰው «ኤጭ!» የሚል ነው። የ«ሐምሌ ብቻዬን» ጥቅሻ ግን አንድ ልጅ ለቅሶ ሊጀምር ትንፋሹን ሲስብ ነው፤ ለቅሶው ሳይመጣ ማሩ ይመጣል። እነዚህን ልጆች በእነዚህ ቁርጥራጮች ለየኋቸው። የሚያውቋቸው ካሉ ብዬ በየብሎኩ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። አብዛኞቹ «እኛ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም» አሉኝ። አንዲት የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበሩ ሴትዮ ብቻ ወደ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ አይተው የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፤ የተሸበሸበ ክንዳቸው ላይ «ደረቅ ሳል» የሚል ንቅሳት አለ። «ለልጆቼ የሕፃንነት ጠባሳ ነው ብያቸዋለሁ» አሉና በሩን ዘጉ።

እውነቱን ልናገርና፣ ቀናሁ። እኔ በሕይወቴ የጮኽኩት ለሞተ ሰው ብቻ ነው። እነዚህ በቁማቸው ለራሳቸው ይጮሁ ነበር።

እትዬ ሄራን ጋ መመላለስ አበዛሁ። «አንቺ ጉሮሮሽን እየገደልሽው ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰው ሲሞት እሰማሻለሁ። መስሚያዬን ባወልቅ የሰው ወሬ አይሰማኝም፣ ያንቺ ማጉያ ብቻ ነው ባዶ ጆሮዬን የሚያገኘው። ከአንገትሽ በላይ ነው የምትጮሂው።» መዳፏን እምብርቴ ላይ አደረገች። «ከዚህ ነው። ግፊው።» ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ገፋሁ። «ድመት ነሽ» አለች። በሌላ ቀን ገፋሁ። «አሁን በግ ሆነሻል። ተሻሽለሻል።»

ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነም የነገረችኝ ያኔ ነው። እድራችን ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ዳኛው ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው አባሉን በተራ ይጠራሉ፣ የተገኘው «አለሁ» ይላል፣ የቀረ ይቀጣል። ከቀብር መልስም ግቢው ውስጥ ለዘገዩት ይደገማል። «እኛ ማረጃው ውስጥ ስንለማመድ ስም ሲጠራ በመስኮት እንሰማ ነበር» አለች። «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። እንዲህ እንደ ሞተ ሰው ነው የሚሉት። ያብስራ ‹እኛ እንደ ሰው እንበለው› አለ። እሱ ከከበሮው ላይ ስም ይጠራል፣ የተጠራው ባለ በሌለ ኃይሉ ይመልሳል። ዘፈኑ ይኸው ነው። ሌላ ግጥም የለውም።»

የሚያስፈልገው ነገር ለእኔ ግልጽ ነበር። በከተማው ያልለሰለሰ ድምፅ የሚያወጣ ማጉያ ያለው እድር ጋ ነው፤ ለባዶ ጆሮዋ የሚደርሰውም እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ኪሩቤል ጋ ሄድኩ። ጋሽ ኪሩቤል ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ፣ ሳል ሲይዛቸው እንኳ ከሰው ፊት ወጥተው የሚያስሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ማጉያው ለለቅሶና ለተዝካር ነው» አሉኝ። «ጊዜዋ ሲደርስ ለለቅሶዋ እናሰማላታለን።»

«ከሞተች በኋላ ምን ይሠራላታል፣ ጋሽ ኪሩቤል?»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር አታምጪብኝ! ማጉያው ቢታሸግ ነገ የሚሞተው ሰው እንደ ሹፌሩ እልል ይባልበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?»

እውነት አላቸው። ግን አልተውኩትም። ቢሮው ድረስ ሄጄ ከመስኮቱ ፊት ቆምኩ፤ መስኮቱ «ጥያቄዎ በጣም ደስ ይላል» አለኝና ተዘጋ። አንድ ነጋዴ ከውጭ ያመጣው የድሮ ማጉያ አለ ሲሉኝ መርካቶ ወርጄ አየሁት፤ ሲሰካ እሹሩሩ አለ። እናቴ በሕይወት ብትኖር «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለኝ ነበር። ልልቀቀው ብልስ? የሴትዮዋ ትንፋሽ በየሳምንቱ እያጠረ ነው፤ ከአልጋ እስከ መስኮት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ከሰዓት ሾርባ ይዤላት ገባሁ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ግቢው ታያለች። ግቢው ውስጥ የአንድ ጎረቤት ተዝካር ድንኳን ተተክሏል።

«ለእሱስ ልጆቹ አወጡለት» አለች። «እኔ ልጅ የለኝ። ተዝካሬን ማን ያወጣዋል? እንደ ቅድመ አያቴ በቁሜ ካላወጣሁት በቀር።»

ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

የቁም ተዝካርን የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው። ዘር የሌለው ሰው፣ ወይም ዘሩን የማያምን፣ ሳይሞት ድግሱን ደግሶ፣ ቄሱንና ጎረቤቱን አብልቶ፣ ለነፍሱ ራሱ ያስጸልያል። ዛሬ የሚያደርገው የለም። የከለከለው ግን የለም። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩና የጋሽ ኪሩቤልን በር ደበደብኩ።

«ተዝካር ነው!» አልኳቸው። «የቁም ተዝካር። ፈቃዱ ለተዝካር ነው!»

«እሷው ራሷ ትጠይቀኝና ልስማት» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ሁለቱም ያለከልካሉ፤ እሳቸው ከደረጃው፣ እሷ ከበሽታው። እትዬ ሄራን አየቻቸውና ፊቷ በራ።

«ኪሩ! አንተ ነህ በእድር ደንብ የምትከለክለኝ?»

«ወይዘሮ ሄራን፣ ሥርዓት አለ...»

«ወይዘሮ ይለኛል! ናርዶስ፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ? ‹ሐምሌ ብቻዬን› እሱ ነው። አውቶቡስ ስላመለጠችው ልጅ እየዘፈነ ማረጃው መሐል ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። ንፍጡን በእኔ ሸሚዝ ነው የጠረገው።»

ጋሽ ኪሩቤልን አየኋቸው። ያ ትንፋሹን ለለቅሶ ስቦ የሚቀረው ልጅ! በየማታው ስሰማው የከረምኩት ልጅ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከፊቴ ቆሟል። ጆሯቸው ቀላ።

«ያ ልጅ ከሞተ ቆየ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው የእሱንም ተዝካር አብረን እናውጣዋ!» አለች።

ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ ዞሩ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጾም ሳይገባ ይሁን» አሉ።

የተዝካሩ ዕለት እሑድ ነበር፤ ፀሐዩ ጠንክሯል። ድንኳኑን ተከልን። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ቄሱ ጸለዩ። ሟችን በወንበር ተሸክመን ከአራተኛ ፎቅ አወረድናት። ነጠላ ለብሳለች፤ ከነጠላው ሥር የተበሳሳ ጥቁር ቲሸርት አድርጋለች። ሰው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ «ነፍስ ይማር» ይባላል ወይስ «እግዜር ይማርሽ»? እሷ ግን ለሁሉም «ብሉ፣ ጠጡ፣ ነገ ደግሞ አላገኛችሁም» እያለች ታሾፋለች። የባንክ ሥራ አስኪያጇ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጥተዋል። ልጃቸው ክንዳቸውን አፍጥጦ ያያል።

ማጉያውን አውጥቼ ገመዱን ስዘረጋ የቢሮው ተቆጣጣሪ መጣ። ጫማው የማይሰማ፣ ንጹሕ ሰው ነው።

«ሟች ማን ናቸው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ሄራን። «ግባ፣ ጠላ ቅመስ።»

ሰውየው ቄሱን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ክፉ ሰው አይደለም። በኋላ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ እንደ ወጉ በለስላሳው፣ «ተዝካሩን አልከለክልም» አለ። «ማጉያው ግን የተፈቀደው ላረፈ ሰው ነው። ከከፈታችሁት ዛሬውኑ አሽገዋለሁ። መልሼ አልከፍተውም።»

ድንኳኑ ውስጥ የጠላ ጣሳ እንኳ አልተነሳም። ሁሉም ወደ ጋሽ ኪሩቤል ዞረ። ጋሽ ኪሩቤል ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከታሸገ ነገ የሚሞተውን ማን ይጠራልኛል?» አሉ። ማስፈራራታቸው አልነበረም፤ በእርግጥ መልስ ፈልገው ነው።

«እኔ» አልኩ። «በባዶ ጉሮሮዬ፣ ብሎክ በብሎክ እዞራለሁ።»

«ይሰማል?»

«ይሰማል። አስተምራኛለች።»

እትዬ ሄራን ከወንበሯ «በግ ደርሳለች» አለች።

ጋሽ ኪሩቤል የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። ከዚያ ማጉያው ጋ ሄደው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ፍላሿን ሰካሁ። እትዬ ሄራን መስሚያዎቿን ከጆሮዋ አወለቀችና ለተቆጣጣሪው «እስቲ ያዝልኝ» ብላ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ወንበሯን አስጠጋሁላት። ጉንጯን ማጉያው ላይ አሳረፈች፤ እኔም ከፈትኩት።

«አ—» አለ። አልተዋጠም። ቀጠለ።

«አለሁ!»

ከጣሪያው ርግብ ተነሣ። የሆነ ቤት ሕፃን መጮህ ጀመረ፤ ውሾች ከታች መንደር ድረስ መለሱለት። ቄሱ አማተቡ። ጊታሩ ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው፤ ከበሮው ሰው በር ሰብሮ ሲገባ ነው፤ ከዚያ ሁሉ በላይ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮሃለች። ያብስራ ከከበሮው ላይ ይጠራል። «ናሆም!» አንዱ ያገሣል፣ «አለሁ!» «ቤዛዊት!» «አለሁ!» የባንክ ሥራ አስኪያጇ ስማቸውን ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ኪሩ!» አለ ያብስራ፤ አንድ በለቅሶ የተሰነጠቀ የጎረምሳ ድምፅ «አለሁ!» ሲል ጋሽ ኪሩቤል አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸውን አልጠረጉትም። እኔም አልቅሼአለሁ፤ ምን አፍራለሁ፤ ሙሉ ድምፅ ከሰማሁ ዕድሜዬ ሄዷል።

«ሄራን!» አለ ያብስራ።

ከማጉያው ውስጥም ከማጉያው ውጭም እኩል መጣ። የወጣቷ ድንኳኑን አንቀጠቀጠው፤ የአሮጊቷ ከትንፋሽ ብዙም አይበልጥም። እኔ ግን አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁት።

ሲያበቃ ጆሮአችን ጭው አለ። እትዬ ሄራን ጉንጯን ሳታነሳ እጄን ጎተተችኝ። ዓይኗ ይስቃል። «ሰማሽ?» አለች፤ ጆሮዋ ባዶ ስለሆነ ጮክ ብላ ነበር። «ሁለተኛዋ ‹አለሁ› ላይ ዜማ ስቻለሁ! ናሆም ዕድሜ ልኩን ‹ስተሻል› ሲለኝ፣ አልሳትኩም ብዬ አኩርፌው ነበር። ስቻለሁ እኮ! በጣም ነው የሳትኩት!» እንዲህ ደስ ያላት ሰው አይቼ አላውቅም። ተቆጣጣሪው መስሚያዎቹን እንደ እንቁላል ይዞ ቆሟል። «ድገሙት ትላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ደገምነው። ከዚያም እንደተናገረው ማጉያውን አሸገው።

እትዬ ሄራን የፋሲካ በግ አልገዛችም። ሆሳዕና ሊሆን ሲል፣ ጠዋት ሾርባ ይዤ ስገባ አርፋለች።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወረድኩ። ማጉያው ዕቃ ቤት ውስጥ ማኅተሙ ላዩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ብሎክ ፊት ቆምኩና መዳፌን እምብርቴ ላይ አደረግሁ። ሰው ወደ ሥራ ይወጣል፤ አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ያንጎራጉራል። ፈራሁ፤ ውሸት አልናገርም። ገፋሁት።

«እድርተኛ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሄራን ዳዊት አርፋለች!»

መስኮት ተከፈተ። ሁለተኛውን ብሎክ፣ ሦስተኛውን፣ እያልኩ ዞርኩ። በመሐል ድምፄ ተሰነጠቀ፤ አላቆምኩም፤ ተሰንጥቆም ይሄዳል ለካ። ስጨርስ ሰው ከየደረጃው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን ይዞ ይወርዳል። ሽቶ የተቀባ አንድም አልነበረም።

ቀብሩ ላይ ጋሽ ኪሩቤል ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው እንደ ሥርዓቱ ስም ጠሩ። ሰውም እንደ ሥርዓቱ በለሆሳስ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል። የሷ ስም ተራ ሲደርስ ያልፉታል ብዬ ነበር። ቆሙ። ሸሚዛቸው ክፍት ነው። ቀና አሉና፣ ከሰማንያ ዓመት ሰው ይወጣል በማይባል ድምፅ፣ «ሄራን ዳዊት!» ብለው ጠሩ።

ማንም ካልመለሰ ቀርታለች ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የሚሆን ነገር አይደለም።

«አለሁ!» አልኩ፣ ከእምብርቴ። የባንክ ሥራ አስኪያጇ ከኋላዬ «አለሁ!» አሉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም፤ በግ የሆነ አለ፣ ድመት የሆነ አለ፣ እድርተኛው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ጋሽ ኪሩቤል ጩኸቱ እስኪያበቃ ጠበቁና «ተገኝታለች» ብለው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ከዚያ በኋላ ደረቅ ሳል ይዞኝ ሳምንቱን ሙሉ ተኛሁ።